ማን ነበር የሚነዳው? የመኪና ባለንብረት ለፖሊስ የመመለስ ግዴታ

ታርጋ የሚናገረው ስለ መኪናው ነው፤ ስለ ሹፌሩ ምንም አይናገርም። መንገድ ዳር የተተከለ ካሜራ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ያለፈን መኪና ያነሳል፤ ወይም አንድ የዓይን ምስክር ሰው ገጭቶ ያመለጠን መኪና ታርጋ ይይዛል። ፖሊስ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚያገኘው የባለንብረቱን ስምና አድራሻ ነው። በዚያች ደቂቃ መሪውን የያዘው ባለንብረቱ ራሱ ይሁን፣ ልጁ ይሁን፣ ቅጥር ሹፌሩ ይሁን ወይም ለአንድ ቀን የተዋሰው ወዳጁ ይሁን መዝገቡ አያውቅም። የሚያውቀው ባለንብረቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሕግ ይህን ሰው «ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ ሊጠይቀው፣ ዝም ቢል ደግሞ ስለ ዝምታው ሊቀጣው ይገባል ወይ? በጥያቄው ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በአንድ ወገን በየመንገዱ የሚጠፋው የሰው ሕይወት አለ፤ በሌላው ወገን ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለው መርህ አለ።

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ስትጋፈጠው የኖረችው፣ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስም የተከራከረችበት ሀገር ብሪታንያ ናት። የእሷ ልምድ ከሌሎች ሀገሮች አሠራር ጋር ሲነጻጸር አንድ ግልጽ መደምደሚያ ላይ ያደርሳል። ባለንብረቱ ሹፌሩን እንዲያሳውቅ ማስገደድ ተገቢ ነው፤ ተገቢ የሚሆነው ግን ሦስት ገደቦች ሲጠበቁለት ነው። የመጀመሪያው ገደብ፣ ጥያቄው አንድና አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ የነዳው ማን እንደሆነ እንጂ እንዴት እንደነዳ አይጠየቅም። ሁለተኛው፣ ጥረት አድርጎ ማወቅ ያልቻለ ሰው ነጻ የሚወጣበት በር መኖሩ ነው። ሦስተኛው፣ ስሙ ከታወቀ በኋላም ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም ከመንግሥት ትከሻ አለመውረዱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግዴታው የመንገድ ደኅንነት መሣሪያ መሆኑ ይቀርና ተገድዶ ኑዛዜ መስጠት ይሆናል።

ግዴታው የካሜራ ዘመን ፈጠራ አይደለም። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣው የሞተር መኪና ሕግ እያንዳንዱ መኪና ተመዝግቦ ቁጥር እንዲለጥፍ አዘዘ፤ የፍጥነት ወሰኑንም በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ አደረገ። በዚያው ሕግ ውስጥ ባለንብረቱ ሲጠየቅ ሹፌሩን ለመለየት የሚረዳ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር፣ እምቢ ካለም ራሱ ጥፋተኛ እንዲሆን ተደነገገ። ታርጋና የመናገር ግዴታ በአንድ ሕግ የተወለዱት ያለምክንያት አይደለም። ከመኪና በፊት በመንገድ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ፊቱ ይታይ ነበር፤ የፈረስ ጋሪ ነጂውንም መንደሩ ያውቀዋል። መኪና ግን ጉዳት አድርሶ በደቂቃ ውስጥ ከአካባቢው መሰወር የሚችል የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ሆነ። ሕግ አውጪዎቹ ለዚህ አዲስ ኃይል ሁለት ማሰሪያ አበጁለት፤ አንዱን ከመኪናው ኋላ ለጠፉት፣ ሌላውን በባለንብረቱ ኃላፊነት ላይ ጣሉት። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው እምብዛም አይሠራም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 172 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ካሜራ ከወሰን በላይ የሄደን መኪና ሲይዝ ፖሊስ በ14 ቀን ውስጥ ለተመዘገበው ባለንብረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል፤ ከደብዳቤው ጋርም በተጠቀሰው ሰዓት የሚነዳው ማን እንደነበር የሚጠይቅ ቅጽ አለ። ባለንብረቱ በ28 ቀን ውስጥ ሞልቶና ፈርሞ መመለስ አለበት። «እኔ ነበርሁ» ብሎ የፈረመ ከሆነ ያ ፊርማ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የሌላ ሰው ስም ከጻፈ ቅጹ ወደዚያ ሰው ይሄዳል። ካልመለሰ ግን በፍጥነቱ ሳይሆን ባለመመለሱ ይከሰሳል፤ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣና በመንጃ ፈቃዱ ላይ 6 የቅጣት ነጥብ ሊያዝበት ይችላል። በሦስት ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት ሰው በመደበኛው አሠራር ቢያንስ ለስድስት ወር ከመንዳት ይታገዳል። ሕጉ ማምለጫ በርም አስቀምጧል፤ ባለንብረቱ ሹፌሩን እንደማያውቅ፣ ተገቢውን ጥረት አድርጎም ሊያውቅ እንዳልቻለ ካስረዳ ጥፋተኛ አይባልም። ባለንብረት ያልሆነ ሰውም ቢጠየቅ የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን አስፈለገ? ካሜራው ራሱ ሹፌሩን አያሳይምን? ብዙውን ጊዜ አያሳይም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋው የፍጥነት ካሜራ መኪናውን የሚያነሳው ከኋላ ነው፤ ከፊት ቢያነሳ ብልጭታው የሹፌሩን ዓይን አጥብርሶ ራሱ አደጋ ያመጣል። ከፊት የሚያነሳ ካሜራ ቢኖርም በመስተዋት ውስጥ፣ በሌሊትና በዝናብ የሚታየው ፊት ለመለየት የሚያበቃ ላይሆን ይችላል። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ አቁሞ እያንዳንዱን መኪና ማስቆም ደግሞ የትኛውም ሀገር የማይችለው ነገር ነው። ስለዚህ ምርጫው ሦስት ነው፤ ባለንብረቱን መጠየቅ፣ ሳይጠይቁ ባለንብረቱን መቅጣት፣ ወይም ጥፋቱን ዝም ብሎ ማለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም መንገዶች ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ገልጿል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሦስተኛውን ምርጫ በቀላሉ አይመርጥም።

ግዴታው ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚታየው በዋሹት ሰዎች ታሪክ ነው። የብሪታንያ የኃይልና የአየር ንብረት ሚኒስትር የነበሩት ክሪስ ሂዩን እ.ኤ.አ. በ2003 መኪናቸው በፍጥነት ካሜራ ሲያዝ ነጥቡን በስሟ የተቀበለችው በወቅቱ ባለቤታቸው የነበረችው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቪኪ ፕራይስ ናት፤ እሳቸው ያንን ነጥብ ቢቀበሉ መንጃ ፈቃዳቸውን ያጡ ነበር። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ሲገለጥ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ሁለቱም የፍትሕን ሂደት በማዛባት ወንጀል እያንዳንዳቸው ስምንት ወር እስራት ተፈረደባቸው። በአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ማርከስ አይንፌልድ ለ77 ዶላር የፍጥነት ቅጣት ሲሉ መኪናውን የነዳችው አሜሪካ ትኖር የነበረች ወዳጃቸው እንደሆነች ምለው ተናገሩ፤ ሴትየዋ ግን ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ሞታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የብሪታንያ ፓርላማ አባል የነበሩት ፊዮና ኦናሳንያም ማን እንደነዳ በመዋሸታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ በዚያው ዓመት በመራጮቻቸው ፊርማ ከወንበራቸው ወረዱ። የነዱበትን ፍጥነት በወቅቱ ቢያምኑ ኖሮ የሁሉም ጉዳይ በመጠነኛ ቅጣት ወይም ለጥቂት ጊዜ ከመንዳት በመታገድ ያበቃ ነበር። ባለሥልጣንም ሆነ ዳኛ ለዚህች አንዲት ጥያቄ እንደማንኛውም ሰው እውነት የመመለስ ዕዳ እንዳለበት እነዚህ ፍርዶች አረጋገጡ።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። ዝም የማለት መብት የስልጡን ሕግ ምሰሶ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በማስረጃነት ሊቀርብበት የሚችል የእምነት ቃል እንዲሰጥም እንደማይገደድ ተደንግጓል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በምስክርነት እንዲቀርብ ያለመገደድ መብትን ይጨምራል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ኮንቬንሽን ይህን መብት በግልጽ ቃል ባይጽፈውም በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የፍትሐዊ ዳኝነት እምብርት አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ፈረንሳይ አንድን ሰው የባንክ ሰነዶቹን እንዲያስረክብ በቅጣት ማስገደዷን፣ በ1996 ደግሞ ብሪታንያ አንድ የኩባንያ ኃላፊ በግዴታ የሰጠውን መልስ በወንጀል ችሎት መጠቀሟን ፍርድ ቤቱ አውግዟል። ታዲያ ፖሊስ «የነዳኸው አንተ ነህ ወይ? ካልነገርኸኝ እቀጣሃለሁ» ሲል ከዚህ በምን ይለያል? መብቱ የተፈጠረው ድብደባና ማስፈራራት ኑዛዜ ማግኛ መንገድ በነበሩበት ዘመን የፈሰሰውን እንባ አይቶ ነው፤ ስለዚህም ለመንገድ ጉዳይ ሲባል በቀላሉ የሚሸረፍ አይደለም።

ይህ ተቃውሞ በመጀመሪያ የተፈተነው በስኮትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት ሴት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳለች ፖሊሶች መጠጥ እንደጠጣች ጠረጠሩ፤ መኪናዋ ደጅ ቆሟል። ማን ነድቶ እንዳመጣው በአንቀጽ 172 ሲጠይቋት እሷ እንደነዳች መለሰች፤ የትንፋሽ ምርመራውም መጠጥ አሳየ። የስኮትላንድ ከፍተኛ የወንጀል ፍርድ ቤት ተገድዳ የሰጠችው መልስ በማስረጃነት ሊቀርብባት አይገባም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ፕሪቪ ካውንስል የሚባለው ከፍተኛ የዳኝነት አካል ግን በሙሉ ድምፅ ያንን ውሳኔ ሻረው። ዳኛው ሎርድ ቢንግሃም የሰጡት ምክንያት ከዚያ ወዲህ የክርክሩ ሁሉ መነሻ ሆነ። በእሳቸው አስተሳሰብ ጥያቄው አንድና ቀላል ነው፤ መኪና መንዳት በራሱ ወንጀል ስላልሆነ መልሱ ብቻውን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም፤ መኪና የሚይዝና የሚነዳ ሰው ሁሉ ደግሞ መኪና ከባድ ጉዳት የማድረስ አቅም ስላለው በቁጥጥር ሥር እንደሚገባ አውቆ ይገባበታል። በፊታቸው የነበረው የ1999 አኃዝ በብሪታንያ መንገዶች በአንድ ዓመት ከ3,400 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ያሳይ ነበር።

የመጨረሻው ቃል የመጣው ከስትራስቡርግ ነው። ሁለት እንግሊዛውያን አቤቱታቸውን ይዘው ሄዱ። አንደኛው የተፈቀደው ፍጥነት ለጊዜው 40 ማይል በነበረበት አውራ ጎዳና በ69 ማይል ሲያልፍ ካሜራ ይዞት፣ ሲጠየቅ እሱ እንደነዳ አምኖ ተቀጥቷል። ሁለተኛው 30 ማይል በተፈቀደበት መንገድ በ47 ማይል ያለፈ መኪና ባለንብረት ሲሆን ያለመናገር መብት አለኝ ብሎ ቅጹን አልሞላም አለ፤ በዝምታውም ተቀጣ። ጉዳዩ እስከ ታላቁ ችሎት ደርሶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2007 ዳኞቹ 15 ለ2 በሆነ ድምፅ መብታቸው አልተጣሰም ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱ ሁለቱ ሰዎች መገደዳቸውን አልካደም፤ ግዴታው ቀጥተኛ እንደሆነ በግልጽ ተቀብሏል። ነገር ግን መኪና ለመያዝና ለመንዳት የመረጠ ሰው ኃላፊነቱንም አብሮ እንደተቀበለ፣ የተጠየቀው መረጃ ጠባብ እንደሆነ፣ ሳያውቅ የቀረ ሰው መከላከያ እንዳለው፣ ፍጥነቱንም ዐቃቤ ሕግ በሌላ ማስረጃ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት እንዳለበት መዝኖ ነው የወሰነው። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ የተጠቀሱት ሦስት ገደቦች ከዚህ ሚዛን የተወሰዱ ናቸው።

ሆኖም ተቃዋሚዎች የሚያነሱት አንድ ነጥብ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ካሜራው ፍጥነቱን ከመዘገበ፣ ታርጋውንም ካነሳ የጎደለው የሹፌሩ ስም ብቻ ነው፤ ያ ስም ሲሞላ ክሱ ሞላ ማለት ነው። እንግዲያው «መልሱ ብቻውን ወንጀለኛ አያደርግም» ማለት በወረቀት ላይ እውነት ቢሆንም በተግባር ባለንብረቱ የራሱን የቅጣት ውሳኔ እንደፈረመ ያህል ነው። ነጥቡ እውነትነት አለው። መልሱ የሚገኘው መብቱ የቆመለትን ዓላማ በመመርመር ነው። ዝም የማለት መብት የሚጠብቀን ከሁለት ነገር ነው፤ መንግሥት በማስገደድ የውሸት ኑዛዜ እንዳያወጣ፣ እንዲሁም ምርመራ ማድረግን ትቶ ሰውን በማስጨነቅ ብቻ ጥፋተኛ እንዳያደርግ። በካሜራው ጉዳይ ጥፋቱ መፈጸሙ ከባለንብረቱ አፍ አልወጣም፤ ቃሉን ሳይሰጥ በፊት በመሣሪያ ተመዝግቧል። መሣሪያው በትክክል መለካቱን መሞገት፣ ፎቶግራፉን ማስቀረብ፣ የመንገዱ ምልክት በሥርዓት መተከሉን መጠየቅ አሁንም መብቱ ነው። የተጠየቀው የዚያን ዕለት ሥራውን እንዲናዘዝ ሳይሆን ወደ አደባባይ ያወጣው መኪና በማን እጅ እንደነበር እንዲያሳውቅ ነው። በቅሎውን ያዋሰ ሰው በቅሎዋ የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብታ ብትገኝ ማን ይዟት እንደሄደ ቢጠየቅ መብቱ ተነካ አይባልም፤ ከመኪና ጋር ያለው ልዩነት ጉዳቱ የከፋ መሆኑ ብቻ ነው።

ያለመመስከርን መብት በጽኑ ከሚጠብቁ ሀገሮች አንዷ የሆነችው አሜሪካም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ1971 የካሊፎርኒያን ሕግ መርምሮ፣ አደጋ ያደረሰ ሹፌር ቆሞ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥ መገደዱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል፤ ዳኞቹ 5 ለ4 በሆነ ጠባብ ልዩነት ነበር የተከፈሉት። ገጭቶ ማምለጥን ወንጀል የሚያደርጉ ሕጎች ሁሉ የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ስሙን መስጠት ሹፌሩን ለክስ እንደሚያጋልጠው የታወቀ ነው፤ ግን ቆሞ ስሙን መስጠት ግዴታው ባይሆን ኖሮ የተጎዳው ሰው ካሣ የሚጠይቀው አካል አያገኝም ነበር። የባለንብረቱ ግዴታ የዚሁ ግዴታ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሹፌሩ ሳይቆም ሲቀር ጥያቄው ወደ ባለንብረቱ ይዞራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተሰብ የሚመጣ ነው። አባት ልጁን፣ ሚስት ባሏን ለፖሊስ አሳልፋ ትስጥ ማለት የቤትን ሰላም ማፍረስ አይሆንም ወይ? ጀርመን ይህን ስጋት ተቀብላ ሌላ መንገድ መርጣለች። በዚያ ባለንብረቱ በራሱም ሆነ በቅርብ ዘመዱ ላይ ለመመስከር አይገደድም፤ ካሜራዎችም የሹፌሩን ፊት እንዲያነሱ ይደረጋል። ሹፌሩ ሳይታወቅ ቀላል ለሆነ የትራፊክ ጥፋት የተወሰነው ሦስት ወር ካለፈ ጉዳዩ በይርጋ ይዘጋል። ባለሥልጣኑ በምትኩ ያንን ባለንብረት መኪናውን በየጊዜው ማን እንደሚነዳ የሚመዘግብበት ደብተር እንዲይዝ ሊያዘው ይችላል። የጀርመን መንገድ ለነጻነት የሚሰጠው ክብር የሚደነቅ ነው፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን ለተወሰነ ጊዜ ዝም ማለት የቻለ ሰው ነጻ መውጣቱ ነው። የቤተሰብ ፍቅር ከባድ ሚዛን እንዳለው አይካድም። ነገር ግን በፍጥነት የነዳውን ልጅ ስም መደበቅ ለልጁ የሚደረግ ውለታ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ ዛሬ ሦስት ነጥብ ያመለጠው ልጅ ነገ ለአንዲት እናት የልጇን ሞት ሊያረዳ ይችላል። ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ነጥብ እንዲሸከም ሲስማሙ ምን እንደሚመጣም የሂዩንና የፕራይስ ፍርድ አሳይቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእውነት ለማያውቀው ሰው የሚቆረቆር ነው። አንድ መኪና ባልና ሚስት እየተፈራረቁ በረጅም ጉዞ ነድተውት፣ ደብዳቤው ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ በዚያች ደቂቃ ማን እንደነዳ ቢረሱስ? የብሪታንያ ሕግ ለእነዚህ ሰዎች የተወው በር እዚህ ላይ ነው የሚያገለግለው። ስልካቸውን፣ የነዳጅ ደረሰኛቸውን፣ የቆሙበትን ቦታ አስታውሰው፣ ከፖሊስ ፎቶግራፉን ጠይቀው አልለይ ካላቸው ይህንኑ ለፍርድ ቤት ማስረዳት ይችላሉ። ደብዳቤው በ14 ቀን ውስጥ እንዲላክ የሚያዘው ሕግም ትውስታ ሳይደበዝዝ እንዲጠየቁ የሚያደርግ ነው። ለድርጅቶች ግን በሩ ጠበብ ይላል፤ ማን እንደነዳ የሚያሳይ መዝገብ ያልያዘ ኩባንያ መዝገብ አለመያዙ ምክንያታዊ እንደነበር ካላስረዳ በአለማወቅ ሊከላከል አይችልም። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በካሜራ ለተያዘ መኪና የነዳውን ሠራተኛ የኩባንያው ኃላፊ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። ብዙ መኪና አሰማርቶ ትርፍ የሚሰበስብ ድርጅት ማን የቱን እንደነዳ የመመዝገብ አቅምም ዕድልም ስላለው ጠበቅ ያለው መለኪያ ለእሱ አይበዛበትም።

አራተኛው ተቃውሞ የቅጣቱን መጠን ይመለከታል። በብሪታንያ ቀላል የፍጥነት ጥፋት በመደበኛው 100 ፓውንድና 3 ነጥብ ሲያስከትል ዝም ማለት 6 ነጥብ ያመጣል። ዝምታ ከጥፋቱ በላይ መቀጣቱ ሚዛን የሳተ ይመስላል። ቀድሞ ለዝምታ የሚያዘው ነጥብ 3 ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው በእጥፍ ያደገው። የጭማሪው አመክንዮ የሚገባን ዝምታ የሚሸፍነው ጥፋት ቀላል ላይሆን እንደሚችል ስናስብ ነው። ለዝምታ የሚከፈለው ዋጋ ከጥፋቱ ካነሰ በጣም በከፋ ፍጥነት የነዳው ሰው ዝምታን ይገዛል፤ በትንሽ ያለፈው ደግሞ እውነቱን ተናግሮ ይቀጣል። ይህ ለሐቀኛው ቅጣት፣ ለደባቂው ሽልማት ይሆናል። ግን ወሰኑ መጠበቅ አለበት። ማሳወቅን አለመፈጸም በእስራት የሚያስቀጣ ቢሆን ኖሮ ፍርሃት ያልነዳን ሰው «እኔ ነበርሁ» ያሰኛል፤ ያኔ ሕጉ የውሸት ኑዛዜ ፋብሪካ ይሆናል። እስራት ተገቢነቱ አስቦና አቅዶ ለዋሸ ሰው ነው።

ሌላው አማራጭ ባለንብረቱን ሳይጠይቁ ተጠያቂ ማድረግ ነው፤ ይህ አሠራር ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩባቸው ሀገሮች ውስጥ ስላለ አንባቢው ሊያውቀው ይገባል። በእስራኤል የትራፊክ ሕግ ጥፋት የተፈጸመበትን መኪና የነዳው ባለንብረቱ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ይህ ግምት የሚፈርሰው ሌላ ሰው እንደነዳ፣ መኪናውን ለማን እንዳስረከበ ወይም ያለፈቃዱ እንደተወሰደበት ባለንብረቱ ሲያስረዳ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በካሜራ የተያዘ መኪና ቅጣት ለባለንብረቱ ይላካል፤ የገንዘብ ቅጣት ሲሆን በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። ሁለቱም ለመንግሥት ቀላል ናቸው፤ ለፍትሕ ግን ከብሪታንያው መንገድ ያንሳሉ። በመጀመሪያው የማስረዳት ሸክም ወደ ባለንብረቱ ይዞራል፤ በሁለተኛው ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ባለጠጋው እየከፈለ ይበርራል፤ በሰው መኪና በፍጥነት የነዳውም ሰው መንጃ ፈቃዱ ሳይነካ ይቀጥላል። የቅጣት ዓላማ አደገኛውን ሹፌር ከመሪው ማራቅ ከሆነ ትክክለኛውን ሰው ማወቅ የግድ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለንብረቱን ሳይጠይቁ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክርክር የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ነጂው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን፣ ካሣ የመክፈል ኃላፊነት ይጥልበታል። ስለዚህ በካሣ ረገድ መኪና የያዘ ሰው «እኔ አልነዳሁም» ብሎ እንደማያመልጥ ሕጋችን ከተቀበለው ቆይቷል። የወንጀል ተጠያቂነት ግን የግል ነው፤ ባለንብረቱ ባልፈጸመው ጥፋት ሊታሰር አይችልም። በእኛ ሀገር ታክሲና የጭነት መኪና የሚሠማራው ባለንብረቱ ለቅጥር ሹፌር አስረክቦ የቀኑን ገቢ በሚቀበልበት ሥርዓት መሆኑ ደግሞ ጥያቄውን ያከብደዋል፤ ሊብሬው በአንዱ ስም፣ መሪው በሌላው እጅ ነው። አባቶቻችን ጥፋተኛን ለመለየት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ እያንዳንዱም የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ሕዝቡ በጋራ ዕዳውን ይከፍል ነበር። ሥርዓቱ የማወቅ ኃላፊነት የጋራ መሆኑን ያስተምራል፤ ያልነካውን ንጹሕ ሰው አግቶና አስከፍሎ ስለነበር ደግሞ ገደብ የሌለው የመጠየቅ ሥልጣን ምን እንደሚያስከትል ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ካሜራ የትራፊክ ፖሊሱን ቦታ እየወሰደ በሄደ ቁጥር የሕግ አውጪዎቻችን ሥራ ባለንብረቱን መጠየቅ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ መቆም የለበትም። መጠየቅ ይቻላል፤ ሕገ መንግሥታችን ያጸናው ያለመናገር መብትም ጥያቄው በማን እንደነዳ ብቻ ከተወሰነ፣ ለማያውቀው በር ከተከፈተ፣ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክምም በዐቃቤ ሕግ ላይ ከቆየ አብሮት ሊኖር ይችላል። እነዚህ ገደቦች በፖሊስ ልማድ ላይ ሳይተዉ በሕጉ ውስጥ በግልጽ ቃል ይጻፉ፤ ደብዳቤው የሚላክበትና መልሱ የሚሰጥበት ጊዜም በቀን ተቆጥሮ ይወሰን። መኪና ያለው አንባቢም ሕግ እስኪያስገድደው ሳይጠብቅ ዛሬ የሚያደርገው ነገር አለ። ቁልፉን ለሹፌር፣ ለልጅ ወይም ለወዳጅ ሲሰጥ ማን፣ መቼ እንደወሰደው ይመዝግብ፤ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገር። በመንገድ ላይ የተገጨው ሰው ማን እንደገጨው የማወቅ መብት አለው፤ መኪናውን ወደዚያ መንገድ የለቀቀው ሰውም ይህን መልስ ሊነፍገው አይገባም።